የምድር ቤቱ ክዳን

«እንጨቱ ድንጋይ ነው» አለች ክላሪስ፣ የመለኪያ ሜትሯን እየጠቀለለች። «ብቻዬን ልገልብጠው ብዬ ወገቤን ልቆርጠው ነበር።»

ኦዲል ኬርብራ የስቱዲዮው በር ላይ ቆማ ቀረች። መጥረቢያውን ከሽርጧ ሥር ይዛዋለች። እዚህ ሰው አገኛለሁ ብላ አላሰበችም። ክላሪስ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የኦዲልን ልጅ ሥዕሎች ስትሸጥ የኖረች የፓሪስ ጋለሪ ባለቤት ናት። ልጇ ግዌናኤል ግን ግቢውን ተሻግሮ ባለው ቤት፣ ፊት ለፊት ክፍል አልጋ ላይ፣ ከትናንት ጀምሮ ሬሳ ነው። የወደቀው እዚሁ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቀለም የተነከረ ጨርቅ ቡጢው ላይ ጠቅልሎ ሸራ ሲመታ፣ እንደ ሁልጊዜው ሲመታ፣ የአንጎሉ ደም ሥር ፈነዳ። ኦዲል ስታገኘው ከአፍንጫው የፈሰሰውን ደምና ቀለሙን መለየት አቅቷት ሁለቱንም በእጇ ስትጠርግ ቆየች።

ክላሪስ ከሽርጡ ሥር ብቅ ያለውን የመጥረቢያ እጀታ አየች። «እንጨት ሊፈልጡ ነው? ማዳም፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ። ሰው ልጥራልዎ።»

«ይበርዳል» አለች ኦዲል።

ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ከተደገፈው ነገር አልተነሣም። ጥቁር የባሉጥ ሳንቃ ነው፤ ከሁለት የብረት ማጠፊያዎቹ ጋር። ፊቱ ሙሉ ተሰነጣጥቋል፣ ተቦዳድሷል። አንዳንዱ ጉድጓድ አውራ ጣት ያስገባል። ታውቀዋለች። ባለፈው ፀደይ ግዌናኤል «እማ፣ የምድር ቤቱ ክዳን በስብሷል፤ እኔ አዲስ ልሥራልሽ» ብሎ ከማድ ቤቷ ወለል ነቅሎ የወሰደው ነው። አልበሰበሰም ነበር። እሷም እንዳልበሰበሰ አልነገረችውም።

«ቀለም የለበትም፤ ብሩሽ አልነካውም» አለች ክላሪስ። «ሠላሳ ዓመት ሸራ ሲደበድብ ኖረና በመጨረሻ ቀለሙን ጥሎ ምቱን ብቻ አስቀረው። ይሄን ይዩልኝ።» ጣቷን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከተተች። «ምን ዓይነት ክንድ ነው። እንዲህ ያለ ጉልበት ሌላ ሥራው ላይ የለም።»

ኦዲል ያ ክንድ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«በሚያዝያ ናንት ላይ የሚከፈተው ትልቁ ዐውደ ርዕይ በዚህ ይጀምራል» አለች ክላሪስ። «ግን ግዌናኤል የሥራዎቹ መዝገብ ውስጥ አላስገባውም። ወራሹ ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ‹የልጄ ሥራ ነው፣ ይታይ› ብለው ካልፈረሙልኝ ማንም ሊሰቅለው አይችልም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ጫኞቹ አርብ፣ ከቀብሩ በኋላ ይመጣሉ። ያኔ ገልብጠን ጀርባውን ፎቶ እናነሣለን። የጻፈው ነገር አለ፤ በክፍተቱ አይቻለሁ።»

«ምን ይላል?»

«አልታየኝም። ርዕሱ ይሆናል። ሁሌ ከጀርባ አይደል የሚጽፈው።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ኦዲል አርብ እነግርሻለሁ አለቻትና መጥረቢያዋን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። እንጨት ሳትፈልጥ።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የወደቡ ሰው በየተራ ይገባል፤ ከሬሳው አጠገብ ካለው ሳህን ጸበል ውስጥ የተነከረውን ቅጠል አንሥቶ ሟቹ ላይ ይረጫል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄዶ ቡና ይጠጣል። ቡናውን የምትቀዳው ሉሲየን ናት። ሉሲየን የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው የሰርዲን ፋብሪካ ውስጥ አብረው ዓሣ ሲቆርጡ ነው የተዋወቁት።

«አንዱ ሥዕሉ የጀልባዬን ዋጋ ያወጣል ይላሉ» አለ ዬቮን፣ ጡረታ የወጣው ዓሣ አጥማጅ። «ሸራ ስለመታ። እኔ ስንት ነገር መትቼ አንድ ሳንቲም የሰጠኝ የለም።»

«አንተማ ጀልባህን ነው ዓለት ላይ የመታሃት። ሰክረህ።»

«ጉም ነበረ፣ ሉሲየን።»

«ጉሙ ጠርሙሱ ውስጥ ነበረ።»

ጥቂት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ዬቮን ራሱ ሳቀና ወደ ሬሳው ክፍል አሻግሮ አየ። «ነፍሱን ይማረው። ግን እውነት እውነት ነው፣ ያ ክንድ የአባቱ ነው። ቁርጥ ፋንሽ።»

ኦዲል ቡና የምትጠጣበት ጎድጓዳ ሳህን ጥርሷን መታት፤ ትኩሱ ቡና አገጯ ላይ ፈሰሰ።

«ዬቮን፣ ቡናህን ጠጣ» አለች ሉሲየን።

ፋንሽ የዓሣ መርከብ አዛዥ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ባሕር ላይ፣ ሦስት ቀን የብስ ላይ። ኦዲል አሥራ አምስቱን ቀን ሦስቱን ስትፈራ ታሳልፍ ነበር። መንጋጋዋን በጫማው ሰብሯታል። አንድ ጊዜ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ መዳፏን የጋለ ምድጃ ላይ ይዞ እስከ አምስት ቆጥሯል። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ሰፋት፤ ሦስቱንም ጊዜ መነጽሩን እየጠረገ «ደረጃው አደገኛ ነው፣ ማዳም» አላት። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ምቱን ይቆጥራል። አባቱ ወደ መጠጥ ቤት ሲወጣ ጨርቅ ነክሮ ይመጣና ደሟን እየጠረገ «ዛሬ አሥራ አራት ነው፣ እማ፤ ባለፈው ሃያ ነበር» ይላታል። ሊያጽናናት ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው።

ሲያድግ ሠዓሊ ሆነ። መጀመሪያ ብሬስት ውስጥ፣ አንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ባለ አዳራሽ፣ ነጭ ሸራ ላይ በቀይ ቡጢ የተመቱ ረድፎች አሳየ። ጋዜጣው «የባሕራችን ማዕበል» ብሎ ጻፈ። ኦዲል ጋዜጣውን ቆርጣ አስቀመጠች፤ ማዕበል ከሆነ ደግ ነው አለች። ከዚያ ፓሪስ መጣ። የግብዣው ካርድ በፖስታ ሲደርሳት ርዕሱን በጣቷ ሸፍና ሌላውን ሁሉ አነበበች። በመጨረሻ ጣቷን አነሣች። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም።

በመክፈቻው ምሽት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለሥዕሎቹ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሥዕሎቹ ሸራ አልነበሩም፤ ሳንቃ ላይ የተመቱ ነበሩ። አንድ ወፍራም ሀብታም፣ ብርጭቆ በአንድ እጁ ይዞ፣ በቀለበቱ ሳንቃውን ኳ ኳ አደረገና «ማን ነው? ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። ሰው ሳቀ። ግዌናኤል ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ መጣ። አልሮጠም። ጠርሙስ ከጠረጴዛ አነሣና የሰውየው አፍ ላይ ሰበረው። ሰውየው ሲወድቅ ላዩ ላይ ተንበርክኮ መታው፤ አፍንጫው ሲሰበር ኦዲል ከሰው ሁሉ ኋላ ሆና ሰማችው። ጥርስ እንጨቱ ወለል ላይ ተንከባለለ። አራት ሰው ነው ያላቀቀው። ሲጎትቱት እየመታ ነበር፤ አየሩን እየመታ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ይቆጥር ነበር።

ፍርድ ቤት በገደብ የሦስት ወር እስራት ፈረደበት። የሥዕሎቹ ዋጋ እጥፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግማሹ ሰው ዐውደ ርዕዩን የሚመጣው ሲማታ ለማየት ነበር።

ኦዲል አንዱም አልቀረባትም። ኮሎኝ ላይ «ወለል» ሲል ሄደች። ብራሰልስ ላይ «ማጠፊያ» ሲል ሄደች። ርዕሶቹ ወደ ማድ ቤቷ አንድ አንድ እርምጃ ሲመጡ ይሰማታል። በሚቀጥለው ያሳየኛል፤ መልኬን ይሥላል፤ ሰው ሁሉ ፊት ይጠቁመኛል ትላለች። ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ያበጠ እጁን ጭኗ ላይ አድርጎ ይተኛል። ምን ታውቃለህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። እሱም ነግሯት አያውቅም።

ሐሙስ ቀን፣ ሰው ለምሳ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ መጥረቢያውን ይዛ ስቱዲዮ ገባች። ፈልጣ ምድጃ ውስጥ ትጨምረዋለች። ክላሪስን በስብሶ ነበር ትላታለች፤ ትቆጣ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ስሟ እንደሆነ፣ ያደረገችው ሁሉ እንደተዘረዘረ አልተጠራጠረችም። ልጇ ሬሳ ሆኖ ሳለ እሷ ለስሟ መፍራቷ አሳፈራት፤ ቢሆንም ፈራች። መጥረቢያውን በሁለት እጇ አንሥታ ሰነዘረች።

ባሉጡ ጮኸ። ያው ድምፅ ነበር። ደረቅ፣ አጭር፣ ከታች የሚመጣ። መጥረቢያው ከእጇ ወደቀ።

ያኔ የቅድስት አና በዓል ነበር፤ አርባ አራት ዓመት ሆነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ግዌናኤልን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሰንደቅ እንዲያጅብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልካዋለች። ፋንሽ ከባሕር የተመለሰው ከዋዜማው ነው። ሸሚዙን ስትተኩስ ካውያውን ነጠቃትና ክንዷ ላይ አሳረፈው፤ የቆዳዋ ሽታ ወጣ። ከዚያ የፖም ጠጅ ሊቀዳ የምድር ቤቱን ክዳን ከፍቶ ወረደ። ራሱ ከወለሉ እኩል ሲሆን ዞሮ አያት። «ስወጣ የልጁ ተራ ነው» አላት። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይበቃዋል።»

ክዳኑን በእግሯ መታችው። ሙሉ ክብደቱ ግንባሩ ላይ ወረደ። ሲወድቅ፣ ደረጃው ላይ ሲንከባለል ሰማች። መቀርቀሪያውን ገፋችው። ሻሿን እያሰረች ሳለ የመጀመሪያው ምት መጣ። የበርሜል መዶሻውን አግኝቷል።

ወጣች። በሩን ዘግታ ወጣችና መታጠፊያው ላይ ከዑደቱ ጋር ተቀላቀለች። ሰንደቆቹ በነፋስ ይንገላታሉ፤ ከፊት ነጭ የለበሱ ልጆች በረድፍ ይሄዳሉ፤ ልጇም ከመካከላቸው አንዱ ነው ብላ አሰበች። ክንዷ እየተላጠ ዘመረች። አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። መቀርቀሪያውን ሳበች። ፋንሽ የላይኛው ደረጃ ላይ ሞቶ ደርቋል። መዶሻውን ከእጁ ለማውጣት ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት ነበረባት። ሐኪሙ መጣ፤ ግንባሩን አየ፤ የእሷን ክንድ አየ፤ የክዳኑን ታችኛ ፊት ቀና ብሎ አየ። «ደረጃው አደገኛ ነው» አለና የሞት ወረቀቱን ፈረመ።

«ኦዲል።»

ሉሲየን በሩ ላይ ነበረች፤ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምታ ነው የመጣችው። ወለሉ ላይ የወደቀውን መጥረቢያ አየች፣ ሳንቃውን አየች።

«አግዢኝ፣ ልገልብጠው» አለች ኦዲል።

ሁለት አሮጊቶች እያቃሰቱ፣ አንዴ ሉሲየን «እግሬን፣ እግሬን» እያለች፣ ገለበጡት። የላይኛው ፊት ለስላሳ ነበር፤ ኦዲል ለዓመታት በሳሙና ያጠበችው ፊት። ከዛገው መቀርቀሪያ አጠገብ በጥቁር እርሳስ የሁለት እግር ጫማዎች ዙሪያ ተሥሏል። ትንንሽ እግሮች፣ ጎን ለጎን። ከሥራቸው ጽሑፍ አለ።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለች ኦዲል። «አንብቢልኝ። ምንም ቢሆን አንብቢው።»

ሉሲየን አጎንብሳ በቀስታ አነበበች። «‹የእኔ ቦታ። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ጓንቴን ረስቼ ተመለስኩ። አባቴ ኮቴዬን ሰምቶ ስሜን እየጠራ ክፈትልኝ ይል ነበር። መቀርቀሪያው እግሬ ሥር ነበር። አልከፈትኩም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ዑደቱ ሲመለስ ሰምቼ ወጣሁ። እናቴ አታውቅም።›»

ከባሕሩ በኩል ነፋስ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ኦዲል ክፉውን ሁሉ አስባ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ከማሰብ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ይሄን ግን አላሰበችውም። እሷ ከኋላዋ በሩን ዘግታ ስትዘምር፣ እሱ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሦስት ሰዓት እዚያ ቆሟል። የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ኖሯል። እሷ ይጠቁመኛል ብላ ስትፈራው፣ እሱ አንድ ቀን ታውቅብኛለች ብሎ ሲፈራት ኖሯል።

«የቀረቀርኩት እኔ ነኝ፣ ሉሲየን።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቂያለሽ?»

ሉሲየን የሥዕል ሳጥን ስባ ተቀመጠችበት። «በመስኮትሽ ሥር አይደል ያለፍነው። ሰማን። እኔ ሰማሁ፤ ዬቮን ሰማ፤ ሰንደቁን የያዙት ሁሉ ሰሙ። ቄሱም ሰሙ። ዞር ብለው አዩንና መዝሙሩን ከፍ አደረጉት። እኛም ከፍ አደረግነው። እንደዚያ ቀን ዘምረን አናውቅም። ሁላችንም ፊትሽን ስናየው ነው የኖርነው፣ ኦዲል። ማንም ሊከፍትለት አልፈለገም።»

«ልጄ እዚያ ነበር።»

«እሱን ማን አወቀ» አለች ሉሲየን። «እሱን ማን አወቀ፣ እህቴ።»

ኦዲል መሬቱ ላይ ተቀምጣ ፊቷን መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በሙሉ መዳፏ፣ ከንፈሯ እስኪደማ። ሉሲየን ሁለት እጆቿን ያዘቻት፤ እስክትደክም አልለቀቀቻትም።

አርብ ጠዋት ግዌናኤልን ሣጥን ውስጥ አስገብተውት ነበር፤ ክዳኑ ግን ገና አልመጣም። ክላሪስ ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ወረቀቷንና እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረበች። የኦዲልን ያበጠ ከንፈር አየችና ወረቀቱን መልሳ ልታጥፈው ነበር።

«ይቅርታ፣ ማዳም። ነገ ይሁን።»

«ዛሬ ነው። ተቀመጪና ጻፊ» አለች ኦዲል። «የልጄ ሥራ ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ እግሮቹና ጽሑፉ። ከታች ያለው ምት የአባቱ ነው። ፋንሽ ኬርብራ፣ በበርሜል መዶሻ።»

የክላሪስ እስክሪብቶ ቆመ። የጣቷን ጫፍ አየችው፤ ያን ጉድጓድ ውስጥ የከተተችውን።

«ጻፊ። የቀረቀርኩት እኔ ነኝ፣ ኦዲል፣ ሚስቱ። ጥዬ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ምንም አላጠፋም። ይሄ ሁሉ አጠገቡ ተጽፎ፣ በሁለት ወገን እንዲታይ አድርገሽ ታቆሚው እንደሆነ እፈርማለሁ። አለዚያ ምድጃው እየነደደ ነው።»

«ማዳም፣ ሰው ይሄን ሲያነብ ስለ እርስዎ ምን...»

«ይበል። ብቻ ስለ እሱ አይበል።»

«ፖሊስስ?»

«አርባ አራት ዓመት አልፎት ማን ይነካታል» አለች ሉሲየን ከበሩ። «ደግሞ እኔንም ጻፊኝ። ጎረቤቷ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ ጮክ ብላ ዘመረች በዪ። ዬቮንንም ጻፊው፣ ድምፁ አያምርም እንጂ እሱም ዘምሯል።»

ማድ ቤት በር ላይ ቆቡን በእጁ የያዘው ዬቮን አንገቱን ደፋ።

ክላሪስ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አቁማ ዓይኗን ጠረገች። ኦዲል መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አንድ ቃል አስቀየረች። «ሕፃን» በዪ አለቻት፤ «ልጁ» ሳይሆን «ሕፃኑ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር» በዪ። ከዚያ ፈረመች።

ሰዎቹ ወጡላት። ልጇ ጋ ብቻዋን ቀረች። ፀጉሩ ውስጥ አንድ የቀይ ቀለም ቅንጣት ቀርቶ ነበር፤ ተወችው። «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለችው። «አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ቀባሪዎቹ የሣጥኑን ክዳን ተሸክመው ሲመጡ አንዱ ጫፍ ግድግዳውን መታ። «ቀስ» አለ አንዱ። ወደ ኋላ መልሰው ሊያዞሩት ሲሞክሩ እንደገና መታ፤ እንደገናም፣ እንጨት በእንጨት፣ ኳ፣ ኳ።

ኦዲል ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለችና የልጇን ሁለት ጆሮዎች በሁለት መዳፎቿ ደፈነች። ቀዝቃዛ ነበሩ። ሰዎቹ ገብተው ከኋላዋ እስኪቆሙ፣ «ማዳም» ብለው አንዴ፣ ሁለቴ እስኪጠሯት፣ አጥብቃ ይዛቸው ነበር።